ያልተሰረዙት ሁለት ብሎኖች

ካርታ ሠሪው የተገኘው በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ካቻቢቴ እንደጨበጠ ነው። ጠረጴዛው ላይ አሮጌው ኮምፒውተሩ ሆዱን ከፍቶ ተቀምጧል። ከጎኑ የቆየው ግራፊክስ ካርድ አቧራውን እንደለበሰ ተጋድሟል፤ አዲሱ ካርድ ደግሞ ማስገቢያው ላይ ግማሽ ገብቶ ግማሽ ወጥቶ፣ ሊወልቅ እንደደረሰ የሕፃን ጥርስ ዘንበል ብሏል። ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ማብሪያም በርቷል። በሟቹ ራስጌ፣ ካርታዎቹን የሚያስቀምጥበት የብረት ሣጥን ጥግ ላይ ደም አለ።

ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን በሦስት መስመር ጻፉት፤ ኮረንቲ መታው፣ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ጭንቅላቱን ብረት አገኘው። በአራተኛው መስመር ጥፋተኛውን አስገቡ፤ የኮምፒውተር ጠጋኙን። ካርዱን የሸጠው እሱ ነው። ሟቹ በዚያው ጠዋት ሲደውልለት «ሶኬቱን አትንቀል» ያለውም እሱ ነው፤ ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለነበር ቤት ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰምቷል። በሁለት ሰዓት ውስጥ የጠጋኙ ሱቅ ታሸገ፤ እሱም በሰው ሞት ሊከሰስ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

መርማሪዋ የደረሰችው አምስተኛው መስመር ከመጻፉ በፊት ነው። ጡረታዋ የቀረበ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሰው ሲያናግራት ዓይኑን አታይም፤ እጁን ነው የምታየው። ለምን ሲሏት «አፉን ትምህርት ቤት ልከውታል፤ እጁን ግን ማንም አላስተማረውም» ትላለች።

የሟቹ ሚስት የሒሳብ መምህርት ናት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባሏን ያገኘችው እሷ ናት። አሁን በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ወደ ውስጥ አትገባም። ጣቶቿ ላይ ጠመኔ አለ።

«ኮምፒውተሩን ይጠሉታል» አለች መርማሪዋ።

«ማን ነገረዎት?»

«የሚያዩት እንደ ጣውንት ነው።»

መምህርቷ ልትስቅ ቃጣትና ተወችው። «ጣውንት በሆነ። ጣውንት እንኳ ትተኛለች። ልጃችን የሞተው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት አመለጠ። የወንድሜ ፋርማሲ በር ላይ ያለው ካሜራ አንስቶታል፤ ግን ጭጋግ ነው። አንድ ነጭ ነገር ያልፋል፣ በቃ። ባሌ ሁለት ዓመት ያን ጭጋግ ሲያጠራ ኖረ። ምስል የሚያጠራ ፕሮግራም አገኘሁ አለ፤ ይሄ ሽማግሌ ኮምፒውተር ግን ለአንዲት ደቂቃ ምስል ሦስት ሳምንት ይጠይቅና መሃል ላይ ጸጥ ይላል። አዲስ ካርድ ከገባለት በግማሽ ቀን ይጨርሳል ተባለ።»

«ታርጋው ይነበባል ብሎ?»

«ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ አነበዋለሁ ብሎ። ደስታው! ጢሙን ሁሉ ተላጭቶ ነበር።»

«ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ። ወንድሜ፤ ጠዋት የደም ግፊት መድኃኒቱን ሊያደርስለት ብቅ ብሎ ነበር። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችንም ሱሪውን አሳጥሮ አምጥቶለት ሻይ ሲጠጣ ነበር። ጠጋኙ በስልክ ሲያወራ ሦስታችንም ሰምተናል። ከዚያ ሁላችንም ወደየሥራችን ሄድን።»

መርማሪዋ ከኪቦርዱ ጎን ወረቀት ቀስ ብላ ሳበች። ሣጥን የመሰለ ነገር በቀጭን እርሳስ ተሥሎበታል። ሦስት ክቦች አሉ። «ክዳን» የተባሉት ሁለቱ ላይ አንዳንድ ብሎን ተቀምጧል። ሦስተኛው «ካርድ» ይላል፤ ባዶ ነው፤ በቀይ እርሳስ ተሰርዟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኮምፒውተሩ ካርታ ነዋ። ዕቃ ሲፈታ መጀመሪያ ካርታ ይሥላል። ያወጣውን ብሎን በቦታው ያስቀምጣል፤ ወደ ዕቃው ሲመልሰው በቀይ ይሰርዛል። የቡፌውን ማጠፊያ ሲያጠብቅ እንኳ ካርታ ሥሎለታል። ሠላሳ ዓመት አገር ሲለካ የኖረ ሰው፣ ምን ይደረጋል?»

መርማሪዋ የእርሳስ ማስቀመጫውን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ከእርሳሶቹ ጋር አንዲት ብሎን ተንከባላ ወጣች።

«ብሎን እዚህ ውስጥ ይጥላል?»

«እሱ? ሞቶ እንኳ አያደርገውም» አለችና መምህርቷ የተናገረችውን ሰማችው። አፏን በጠመኔያም እጇ ያዘች።

ጠጋኙን በአጀብ አመጡት። አርባዎቹን ያጋመሰ ቀጭን ሰው ነው። በካቴናም ሆኖ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

«ሶኬቱን አትንቀል ብለሃል?»

«ብያለሁ እትዬ። ሰዎቹ ግን ግማሹን ነው የያዙት። ሶኬቱን አትንቀል፣ የጀርባውን ማብሪያ ግን አጥፋ ነው ያልኩት። ሣጥኑ ከመሬት ሽቦው ጋር እንደተገናኘ እንዲቆይ ነው፤ ከልብስ የሚነሳው ኮረንቲ ካርዱን እንዳይጎዳው። ግማሹ ጠጋኝ ንቀል ይላል፣ ግማሹ አትንቀል ይላል። እኔ ከአትንቀሎቹ ነበርኩ። አሁን ከእስረኞቹ ነኝ።»

«ካርዱን አንተ ነህ የመረጥክለት?»

«እኔ ነኝ። ይሄ ማሽን አቅሙ ደክሟል፤ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሳፕላዩ ጎረምሳ ካርድ አይችልም። ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይጠይቅ፣ አጠር ያለ፣ ከሣጥኑ ልክ የሚሆን ሰጠሁት። ለመጀመሪያው ቀን ክዳኑን ክፍት ተወው አልኩት። ሥራ ላይ ሲሆን እንደ ምድጃ ይግላል።»

ካቴናውን አስፈታችለት። ጎንበስ ብሎ ዘንበል ያለውን ካርድ አወጣና ፊቱ ተለወጠ። ከማስገቢያው ጫፍ ጥፍር የምታህል የፕላስቲክ ስባሪ አነሳ።

«ይቺ የካርዱ መቆለፊያ ምላስ ነበረች። ካርድ ሲገባ ቀጭ ብላ ትይዘዋለች፤ ሲወጣ በጣት ተጭነው ይለቋታል። ይሄን ካርድ ግን አንድ ሰው ምላሷን ሳይጫናት በጉልበት ጎትቶ ገንጥሏታል። ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«አንተ ብትሆንስ?»

«እኔ? እኔ ይህን ብሰብር ሱቄን ዘግቼ ሽንኩርት ብሸጥ ይሻለኛል።»

«ሟቹስ?»

«አሮጌውን ሲያወጣ ደግሞ ደውሎልኝ በስልክ አብሬው ነበርኩ። ተጭኖ ነው ያወጣው፤ ቀጭ ስትል ሰምቻለሁ።»

አሮጌውን ካርድ መልሶ ሰካና ማሽኑን አስነሳው። ማሽኑ እያቃሰተ ተነሳ። ጠጋኙ ሁለት ሦስት መስኮት ከፈተ፣ አነበበ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ቅየራውን ጨርሶ ነበር እኮ! አዲሱን ካርድ በትክክል አስገብቶታል። ማሽኑ መዝግቦታል፤ ሥራው የተጀመረው ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው። ሠላሳ ስምንት በመቶ ደርሶ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ተቋረጠ።» ዓይኑን በክርኑ ጠረገ። «ኮረንቲ አልያዘውም። እኔ አልገደልኩትም።»

«አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የት ነበርክ?»

«ሱቄ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«እንግዲያው ገና አልተፈታህም» አለች መርማሪዋ። «አዋቂም ሲፈልግ እንደ ጀማሪ መስበር አያቅተውም።» ከዚያ «ለመሆኑ ታርጋው ይነበብ ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

ጠጋኙ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይነበብም። ነግሬዋለሁ። ካሜራው ያላየውን ካርድ አይፈጥርም፤ ያ ጭጋግ ቢጠራ ጥርት ያለ ጭጋግ ነው የሚሆነው። ግድ የለም፣ ስጠኝ አለኝ። አባት ነው፤ ምን ልበለው? ሰጠሁት።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው አሁንም ለማንም።»

የመምህርቷን ወንድም ሰፈሩ ዶክተር ይለዋል። ፋርማሲስት ነው፤ እሱም አያርማቸውም። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ክኒን ይቆጥራል። እጆቹ እንደ ሙሽራ እጅ ለስላሳ ናቸው።

«ከአማችዎ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«እንጣላ ነበር። ቪዲዮውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ባጠፋው ይሻለኝ ነበር። እህቴ ሁለት ዓመት እንቅልፍ የላትም። ኮምፒውተሩን አንድ ቀን በመስኮት እወረውረዋለሁ ብዬዋለሁ።»

«ዛሬ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ፋርማሲው ተዘግቶ ነበር።»

ፋርማሲስቱ ክኒኖቹን እንደገና ከአንድ ጀመረ። «ጓዳ ተኝቼ ነበር።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«መድኃኒት ሻጭ በሥራ ሰዓት ሲተኛ ማን እንዲያየው ይፈልጋል?»

ያሳምናል አያሳምንም ለማለት ያስቸግራል። መርማሪዋ «እ…» ብላ ወጣች።

የልብስ ሰፊው ሱቅ ከሟቹ ቤት ትይዩ ነው። ሰውዬው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሲዞር ሜትሩ ከሱ ጋር የተወለደ ይመስላል። መርማሪዋ ከመግባቷ በፊት የኮቷን ቁልፍ በጥሳ ኪሷ ውስጥ ከትታዋለች።

«ይቺን ቢተክሉልኝ?»

«ለእርስዎማ በነፃ! ይቀመጡ እመቤቴ።» ፊቱ ላይ ሐዘን አለ፤ ወደ ማዶ ባየ ቁጥር ይጨምራል። «ወንድሜ ነበር። ሃያ ዓመት ጎረቤት! ያ ጠጋኝ ተብዬ… ሶኬት አትንቀል ይባላል? ሰው እኮ ነው ያጠፋው።»

የቀኝ እጁ አራት ጣቶች በስስ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። መነጽር ሳያደርግ ክሩን በመርፌው ዓይን በአንድ ጊዜ አሾለከው።

«ጣትዎን ምን አገኘው?»

«ካውያ። የሙያችን ማኅተም ነው፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ያትምብናል።» ሳቀ። ሲሰፋ ጨርቁ ተንሸራተተ። ጣቶቹ ላይ ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ታዩ፤ ጎን ለጎን፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ። ጨርቁን ቶሎ መለሰው።

መርማሪዋ ካውያውን ለማድነቅ ያህል አነሳችና ገልብጣ አየችው። አሮጌ ነው፤ ሆዱ እንደ መስተዋት ልሙጥ ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም።

«ለመምህርቷ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፉት እርስዎ ነዎት አሉ። እንዴት ነው የሚያደርሱት?»

«በሰው መኪና። የራሴ ነበረችኝ፤ ሸጥኳት።»

«ነጭ?»

«ነጭ መሰለችኝ። ዓይኔ ደከመ፤ መንዳቱን ተውኩት።»

«መቼ?»

ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ቆየ። ሁለት ዓመት ይሆናል። ይኸው፣ ቁልፍዎ ከኮትዎ ቀድማ አታልቅም።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በሟቹ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ መምህርቷ፣ ፋርማሲስቱ፣ ልብስ ሰፊውና ጠጋኙ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። አዲሱ ካርድ ማስገቢያው ውስጥ ነው፤ ምላስ ስለሌለው ጠጋኙ በብሎኑ አጥብቆታል። ፋኑ ያጉረመርማል። ስክሪኑ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ይረዝማል።

«ጠዋት አስነሳነው» አለች መርማሪዋ። «ካቆመበት ቀጥሏል። ስንት ደረሰ?»

«ዘጠና አንድ» አለ ጠጋኙ።

የሁሉም ዓይን ወደ ስክሪኑ ሄደ። የመርማሪዋ ዓይን ወደ እጆቻቸው።

«እስኪጨርስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካርታ ሠሪው ካርድ ሲቀይር አልሞተም። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው።» ወረቀቱን ከነብሎኖቹ ወደ ጠረጴዛው መሃል ሳበችው። «የመለሰውን ብሎን በቀይ ይሰርዛል። የካርዱ ብሎን ተሰርዟል። ስለዚህ ካርዱ ገብቶ ታስሯል። እኛ ስንደርስ ግን ካርዱ ተነቅሏል፤ ብሎኑም እርሳስ ጣሳ ውስጥ ነው። ካርታውን ማንበብ የማያውቅ ሰው እንደገና ፈቶታል።»

«ዘጠና ሁለት» አለ ጠጋኙ፣ ሳይጠየቅ።

«የነቀለው ሰው መቆለፊያ ምላሱን አያውቅም፤ ገነጠላት። ሟቹ ያውቃል። ጠጋኙም ያውቃል፤ ግን ሆን ብሎ ሊሰብር ይችላል ብዬ አልለቀቅሁትም። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ። ካርዱ ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ ሲሠራ ቆይቷል። እንደ ምድጃ ይግላል ተብያለሁ። ምላሱን የሚያውቅ ሰው ተጭኖ በጫፉ ይዞ ብድግ ያደርገዋል። የማያውቅ ግን ካርዱን ጭምድድ አድርጎ ይታገላል። ጊዜ ይፈጅበታል። እጁም ይቃጠላል። እስኪ እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉልኝ።»

ስምንት እጆች ወጡ። የመምህርቷ ጠመኔ የበላቸው። የፋርማሲስቱ የሙሽራ። የጠጋኙ፣ ጥፍራቸው የቆሸሸ፣ ጠባሳ የሌለባቸው። የልብስ ሰፊው አንዱ እጅ በጨርቅ የተጠቀለለ።

«ካውያ ነው ብያለሁ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ካውያዎ ሆዱ ልሙጥ ነው፤ ሲያቃጥል እንደ ሳንቲም ያትማል እንጂ መስመር አያሰምርም። ይህ ግን…» ባዶ የካርድ ማሸጊያ አነሳች። የካርዱ ፎቶ አለበት፤ ከፋኑ ሥር ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች ተደርድረው ይታያሉ። «ዶክተር፣ ጨርቁን ይፍቱለት።»

ፋርማሲስቱ ፈታው። አራት ጣት፣ በእያንዳንዱ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀያይ መስመሮች።

«ሥራዎ መለካት ነው» አለች መርማሪዋ። «ሜትሩ አንገትዎ ላይ ነው። መጀመሪያ የካርዱን ክንፎች ይለኩልን፤ ከዚያ ጣትዎን። ምን ያህል እንደሚራራቁ ጮክ ብለው ያንብቡልን። ቢሳሳቱ አምናለሁ።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ወደ ካርዱ ዘረጋው። ከዚያ ለቀቀው፤ ሜትሩ ወለሉ ላይ ተጠቀለለ።

«ዘጠና ሰባት።»

«ዓይኔ ደክሞ መኪናዬን ሸጥኩ ብለውኛል። ትናንት ግን ክሩን በመርፌው ዓይን ያለ መነጽር በአንድ ጊዜ አሾልከዋል። የሸጡበትን ቀን ከመዝገብ አስፈልጌያለሁ፤ ልጁ በተቀበረ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።»

መምህርቷ ቀና አለች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ የምታስተምር ይመስል ነበር፤ ረጋ ያለ። «ልጄን በየዓመቱ እየለካህ ዩኒፎርም የሰፋህለት አንተ ነህ። ስንት ሳንቲም እንዳደገ ከእኔ በፊት አንተ ነበርክ የምታውቀው።»

«አላየሁትም» አለ ልብስ ሰፊው። «እንደ ጥይት ነው የወጣብኝ… ቆሜ ቢሆን ኖሮ… ከዚያ ቀኑ አለፈ። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ሁለት ዓመት ሆነ። ትናንት በመስኮት ጠራኝ፤ ና፣ አብረን እናያለን አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። አጥፋው አልኩት፣ ለመንኩት። ያኔ ገባው። ዘሎ አነቀኝ፣ ገፋሁት። ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም!»

«ሲወድቅ ነፍሱ አልወጣችም» አለች መርማሪዋ። «አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሷል ይላል። የዶክተር ፋርማሲ ከዚህ መቶ እርምጃ ነው። እርስዎ ያን ግማሽ ሰዓት ብሎን ሲፈቱበት፣ ካቻቢቴ ሲያስጨብጡበት፣ ከስልክ የሰሙትን የሶኬት ወሬ ሲያመቻቹበት ዋሉ። እሱን ሳይረዱ ሌላ ሰው ሊያሳስሩ።»

ፋርማሲስቱ ፊቱን በጋዋኑ ሸፈነ። ተኝቶ የነበረበትን ሰዓት አስታውሶ ይሆናል።

ኮምፒውተሩ አንዲት አጭር ድምፅ አሰማ።

«ጨረሰ» አለ ጠጋኙ።

ምስሉ ተከፈተ። መንገዱ ጥርት ብሏል፤ የድንጋዩ ጠርዝ፣ የፋርማሲው ደረጃ፣ ሁሉም። መሃል ላይ አንድ ነጭ ነገር ያልፋል። ታርጋው ባለበት ቦታ ግራጫ አራት ማዕዘን አለ፤ ውስጡ እንደ ሊጥ ድብልቅልቅ ያለ። አንድም ቁጥር የለበትም።

ልብስ ሰፊው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ያ ያልደከመ ዓይኑ ረጅም ጊዜ ፈለገ። «የት አለ? ምንም አይታይም እኮ።»

«አይታይም» አለ ጠጋኙ። «ለሟቹም ነግሬው ነበር።»

ልብስ ሰፊው ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ሳያገኘው ቀረ። ፖሊሱ በክንዱ ያዘው።

ሲወስዱት ማንም ከኋላው አላየም። መርማሪዋ ጉልበቷን እያሸች ተነሳችና ጠጋኙን ትከሻውን ነካ አደረገችው። «ሱቅህን ክፈት። አትንቀል ማለቱን ግን አሁንም አልወደድኩትም።»

«እኔም ትንሽ እየጠላሁት ነው እትዬ።» ዕቃውን ሊሰበስብ ጎንበስ አለ።

መምህርቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ አልፋ ገባች። ባሏ የወደቀበትን ቦታ ዞር ብላ አልፋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ክዳኑን ግጠምልኝ» አለችው።

ጠጋኙ ክዳኑን አንሸራቶ አስገባው። ከካርታው ላይ አንዱን ብሎን አንስቶ አጠበቀ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። መምህርቷ ከጣሳው ውስጥ ቀዩን እርሳስ መረጠች። አንደኛውን ክብ ሰረዘች። ሁለተኛው ላይ እጇ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እሱንም ሰረዘችው።